የቡታንታኑ ሐኪምና እባቦቹ

ብራዚል ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ኳስ ነው፤ ቀጥሎም ቡና። እኔ ግን ስሙ ራሱ ብራዚል የሆነ አንድ ሐኪም ትዝ ይለኛል። ቪታል ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1865 ሚናስ ዤራይስ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በካምፓንያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልጆቹን በተወለዱበት ቦታ መሰየም ይወድ ስለነበር የልጁ ሙሉ ስም የአገሩን፣ የክፍለ ሀገሩንና የከተማውን ስም ይዞ ቀረ።

በ1891 በሕክምና ተመርቆ ቦቱካቱ በምትባል የገጠር ከተማ ሠራ። ጫካ እየተመነጠረ ቡና የሚተከልበት ጊዜ ነው። በባዶ እግሩ የሚያርም የቀን ሠራተኛ እባብ ነድፎት ሲመጣ ሐኪሙ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። የአገሬው ሰው የሚተማመንበትን ሥራ ሥር ሁሉ ፈተሸ፤ አላረካውም።

በዚያው ሰሞን አልቤር ካልሜት የተባለው ፈረንሳዊ ከኮብራ መርዝ ማርከሻ ሴረም ሠርቶ ስሙ ገኖ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይወጋል፤ ፈረሱ ሲለምደው ከደሙ የሚወጣው ሴረም ለተነደፈው ሰው ይሰጣል። ካልሜት ታዲያ ይህ ሴረም ለሌሎች እባቦችም ይበጃል ይል ነበር። ቪታል ብራዚል ሴረሙን በአገሩ እባቦች መርዝ ላይ ሞከረው፤ አልሠራም። ከዚያ የጃራራካንና ጅራቱን የሚያንሿሿውን የካስካቬልን መርዝ ለየብቻ ወስዶ ለየብቻ ሴረም አዘጋጀ። የአንዱ ለሌላው እንደማይሆንም አሳየ። ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። ጃራራካ የነደፈው ሰው እግሩ ያብጣል፣ ይደማል፣ ሥጋው ይበሰብሳል፤ ካስካቬል የነደፈው ግን ቁስሉ እምብዛም ሳይታይ የዓይኑ ቆብ ይከደናል፣ ኩላሊቱም ይደክማል። ነገር ግን ከፓሪስ ትምህርት በሚጠበቅበት ዘመን፣ ከሳን ፓውሎ ተነስቶ «የእናንተ መድኃኒት ለእኛ እባብ አይሆንም» ማለት ቀላል አልነበረም።

በ1899 ሳንቶስ ወደብ ላይ ወረርሽኝ ገባ። እሱም በወረርሽኙ ተይዞ ለጥቂት ተረፈ። ለወረርሽኙ ሴረም ሲባል በተገዛው የቡታንታን እርሻ ላይ በ1901 ተቋም ተመሠረተ፤ የእባብ ሴረምም እዚያው መሠራት ጀመረ። መርዝ የሚገኘው ከእባብ ነው፤ እባቡ ያለው ገበሬው ዘንድ ነው። ገበሬው በሕይወት ያለ እባብ በሣጥን አሽጎ በባቡር ሲልክ ሴረምና መርፌ ይላክለታል። ከሴረሙ ጋር ማን እንደተነደፈ፣ ምን እንዳገኘው የሚሞላበት ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ከሥራው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ይኸው ነው፤ ገበሬው በሽተኛም፣ አጋርም፣ መዝጋቢም ሆነ።

የእባብ ጠባይም ይስበው ነበር። ሙሱራና የሚባለው እባብ ጃራራካን ተጠምጥሞ ይይዝና ይውጠዋል፤ መርዙ ምንም አያደርገውም። በ1913 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ቡታንታንን ሲጎበኝ ይህን በዓይኑ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። በ1916 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ እባብ የነደፈው አንድ የአራዊት ጠባቂ፣ ቪታል ብራዚል ይዞት በሄደው ሴረም ዳነ። በ1919 ቡታንታንን ለቆ ኒቴሮይ ከተማ ሌላ ተቋም መሠረተ፤ በ1950 አረፈ።

የሱና የካልሜት ክርክር ግን መቶ ዓመት አልፎትም ሰው ይገድላል። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጋና ውስጥ ለአፍሪካ እባቦች የተሠራው ሴረም በሕንድ እባቦች መርዝ በተዘጋጀ ሲተካ፣ ከመቶ ሁለት ገደማ የነበረው የተነዳፊዎች ሞት ወደ አሥራ ሁለት ወጣ። በ2014 ደግሞ ለአፍሪካ ሴረም ይሠራ የነበረ የፈረንሳይ ኩባንያ ማምረት አቆመ። የዓለም የጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ በሽታዎች የመደበው በ2017 ነው።

ሁመራና መተማ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ሌሊት መሬት ላይ ሲተኛ የሚያገኘው እባብ ከሳን ፓውሎም ከሕንድም የመጣ አይደለም። የራሳችንን እባቦች ቆጥረን እንኳ አልጨረስንም። ከኢሉባቦር የተገኘው የደጋ እፉኝት በሳይንስ ስም የወጣለት በ1970ዎቹ ነው፤ የባሌ ሐረናው ዘመዱ ደግሞ ገና በ2016።