መስቀሉ አንገት ላይ ነው ወይስ ትከሻ ላይ?

ባለፈው ሰሞን በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የአገራችን ምግብ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ስለ ብርዱና ስለ አለቃው ጠባይ ሲያማርር ቆይቶ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ መስቀሌ ነው» አለ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ቀበል አድርገው «ልጄ፣ እሱ መስቀል አይደለም፤ ሥራ ነው። ካልተመቸህ ትለቀዋለህ» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ወደ ሳን ሆዜ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ነበር። ለመሆኑ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ሊከተለኝ የሚፈልግ መስቀሉን ይሸከም የሚለው ትእዛዝ ምን ማለት ነው?

ዛሬ መስቀል ሲባል በዓይናችን የሚመጣው የላሊበላ መስቀል፣ የእናቶቻችን ማተብ፣ የደመራው ችቦ ነው። ወንጌሉን መጀመሪያ ለሰሙት ሰዎች ግን መስቀል መንግሥት ሰው የሚገድልበት እንጨት ነበር። ሮማውያን በአብዛኛው የሚሰቅሉት የራሳቸውን ዜጋ ሳይሆን ባሪያውን፣ ሽፍታውንና በቅኝ የያዙትን የውጭ አገር ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት የስፓርታከስ አመፅ ሲከሽፍ 6,000 ባሮች ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ዳርና ዳር ተሰቅለዋል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደሚተርከው፣ ሄሮድስ እንደ ሞተ በተነሣው ሁከት የሮማው ሹም ቫሩስ 2,000 ያህል ሰዎችን ሰቅሏል። ክርስቶስ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር። በኋላ ያስተማራቸው ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ግን የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው።

የተፈረደበት ሰው አግዳሚውን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ በከተማው መካከል ይሄድ ነበር። ስለዚህ መስቀል የተሸከመ ሰው ማለት ወደ ቤቱ የማይመለስ ሰው ማለት ነው። ማንም ሰሚ ስለ ወገብ ሕመም ወይም ስለ ዕዳ እየተወራለት እንደሆነ አላሰበም። እርግጥ ሉቃስ «በየዕለቱ» የምትል ቃል ጨምሮበታል። ሰው በየዕለቱ ሊሰቀል አይችልምና፣ ለወዳጃችን አነጋገር በር የተከፈተው ከዚያው ከወንጌሉ ነው ማለት ይቻላል። እኚያ እናት ይህን ቢሰሙ የሚሉኝን እንጃ!

ወደ አገራችን ስንመጣ መስቀሉ ከመሸከሚያነት አልፎ ምልክት ሆኖ እናገኘዋለን። የንጉሥ ዒዛና ሳንቲሞች በዓለም ላይ መስቀል ከታተመባቸው የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች ውስጥ ናቸው። ምልክቱን እንደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያስፋፋ ንጉሥ ግን የለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኚህ ንጉሥ፣ እንደ ትውፊቱ አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን ግማደ መስቀል በግሸን ያስቀመጡ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ሕዝቡ በልብሱ፣ በጦር መሣሪያውና በሞፈሩ ሳይቀር መስቀል እንዲያደርግ፣ በግንባሩም የሥላሴን ስም እንዲጽፍ አዝዘዋል። እምቢ ያለ ይቀጣል።

በዚሁ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የምንሰግደው ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው ለንጉሡ፣ ለማርያምና ለመስቀሉ አልሰገዱም ተብለው ተከሰሱ። ተገረፉ፣ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይም ተወገሩ። መሪያቸው አባ እስጢፋኖስ በእስር አለፉ። በሃይማኖቱ ክርክር ማን ልክ ነበር የሚለውን ለሊቃውንት እተዋለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ በግንባሩ ላይ በአዋጅ ከተጻፈበት ሰውና ለመስቀል አልሰገደም ተብሎ ከተወገረው መነኩሴ፣ በወንጌሉ አነጋገር መስቀል የተሸከመው የትኛው ነው? የእነዚህን መነኮሳት ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው ያስነበቡን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። እሳቸውም በ1968 ዓ.ም. በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በስደት በሚኒሶታ ሲጽፉ ኖረው በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ስለ አቡነ ጴጥሮስ ብዙ ስለተጻፈ አላረዝመውም። ብዙ ጊዜ የማይነሣው አንድ ነገር ግን አለ። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ይገኙበታል። ሁለቱም በእጃቸው መስቀል ይዘው ከአንድ መርከብ የወረዱ ያህል ናቸው። ጣልያን ሲገባ አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኞች ጋር ሆኑ። ተይዘው ችሎት ቀርበው ሌሎቹ ጳጳሳት ሲገቡ እርስዎ ለምን እምቢ አሉ ቢባሉ፣ እንደ ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ የውጭ ሰው እንዳልሆኑና ለአገራቸው ሕዝብ ኃላፊነት እንዳለባቸው መለሱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ጣልያን ያቋቋመው ቤተ ክህነት የበላይ ሆኑ። በአንደኛው እጅ ያለው መስቀል ከሌላኛው በምንም አይለይም ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ወደው ስለተሸከሙት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ራሴን የሚሞግት አንድ ሰው አገኘሁ፤ እርሱም ስምዖን ቀሬናዊ ነው። ከገጠር ሲመጣ መንገድ ላይ ወታደሮች ያዙትና የክርስቶስን መስቀል በግድ አሸከሙት። አልተጠየቀም፣ አልመረጠም። ማቴዎስ እዚህ ላይ የተጠቀመበት የግሪክኛ ቃል፣ በተራራው ስብከት አንድ ምዕራፍ እንድትሄድ የሚያስገድድህ ከተባለበት ጋር አንድ ነው፤ ወታደር መንገደኛውን ለሸክም የሚይዝበት የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ሉቃስ ደግሞ መስቀሉን ጭነውበት ከኢየሱስ በኋላ እንደ ሄደ ይናገራል። መስቀል ተሸክሞ መከተል የሚለው ትእዛዝ ቃል በቃል የተፈጸመው በዚህ መንገደኛ ላይ ነው። አልክድህም ብሎ የማለው ጴጥሮስ በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ቀሬና የምትባለው ከተማ የነበረችው ዛሬ ምሥራቅ ሊቢያ በምንለው፣ ዐረቦች ባርቃ በሚሉት ምድር ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ አይሲስ ወደ 30 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሊቢያ ውስጥ ሲገድል የሚያሳየውን ፊልም አወጣ። በፊልሙ ከሚታዩት ሁለት ቡድኖች አንደኛው የተገደለው በዚሁ በባርቃ ስም በሚጠራው ክፍል እጅ ነው። ከሟቾቹ የአዲስ አበባው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩባቸው። አገር ቤት ሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። በ2011 ዓ.ም. ሲርት አጠገብ በአንድ እርሻ ውስጥ የ34 ሰዎች ዐፅም ያለበት መቃብር ተገኝቶ፣ የሊቢያ ባለሥልጣናት የእነዚሁ ኢትዮጵያውያን ነው ብለዋል።

እነዚህ ልጆች የወጡት ሰማዕት ለመሆን አይደለም። የወጡት እኛ የወጣንበትን ነገር ፍለጋ ነው፤ ሥራ፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ ትንሽ ዕረፍት። ከመካከላችን በሱዳን በረሃ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ተይዘው አንገታቸው ላይ የነበረው ማተብ ትከሻቸው ላይ ወረደ። ገዳዮቹ ራሳቸው ምክንያቱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸው እንደሆነ ተናግረዋል።

ይህን ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ለዚያ ለፓርኪንጉ ወዳጃችን ነገርኩት። ሥራው መስቀል ነው አይደለም ብዬ አልተከራከርኩትም። ስለ ስምዖን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «ከዚያ በኋላስ ሰውየው ቤቱ በሰላም ገባ?» ሲል ጠየቀኝ። ወንጌሉ ይህን አይናገርም። ማርቆስ ብቻ የአሌክስንድሮስና የሩፎስ አባት ነው ይለናል፤ አንባቢዎቹ ልጆቹን የሚያውቋቸው ይመስል ሌላ ምንም ሳይጨምር።