የመኪና እጥበት ዕቃዎች (አቃቂ ቃሊቲ)

በላቫጆ ወይም በግቢ ውስጥ ተሽከርካሪን ለማጠብ፣ ለማድረቅና ለመወልወል የሚያገለግሉ ዕቃዎች። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የዕቃ ምርጫ የሚጀምረው ከጭቃው ነው። የአካባቢው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል፤ በደረቁ ከተፈተገ ቀለሙን ይቧጭራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በቂ ውሃና ጥሩ ግፊት ያለው የውሃ ጎማ ነው። ፓራፋንጎ ሥር የተጋገረው ጭቃ ርሶ እስኪላላ መታገሥ ግድ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ለሻምፖ፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ባልዲው አንድ ብቻ ከሆነ ከበሩ ግርጌ የተነሳው አሸዋ ተመልሶ ኮፈኑን ይፍቃል። ለቸርኬ የተለየ ብሩሽ ይያዛል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቢረክስም የሰሙን ሽፋን ስለሚያነሳ ለቦዲ አይሆንም።

ሞተርን በናፍጣ ማጠብ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። ናፍጣ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፣ ለእሳትም ያጋልጣል፤ ፍሳሹ ደግሞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ የሚፈሱ ወንዞች ናቸው፤ በዳርቻቸውም ለከተማው ገበያ የሚቀርብ አትክልት ይለማል።

ለማድረቂያ ማይክሮፋይበር ፎጣ ይመረጣል፤ ውሃው በፀሐይ ከደረቀ በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ሰም የሚቀባው በጥላ ሥር፣ ቦዲው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ለክሩስኮቶ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ የሚያብረቀርቅ ቅባት በመስተዋቱ ላይ እያንጸባረቀ የአሽከርካሪውን ዓይን ይወጋል።