የወረቀት ትኬት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1945 በሃቫና የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) የአባላቱን አሠራር አንድ ወጥ እያደረገ ሲሄድ፣ ወደ ሩቅ አህጉር የሚጓዝ መንገደኛ አየር መንገድ እየቀያየረ የሚያደርገውን ጉዞ በአንድ ትኬት መግዛቱ ተለመደ፤ ትኬቱም ለየበረራው አንድ አንድ የሚቀደዱ፣ በካርቦን የሚባዙ ቅጠሎች፣ ማለትም ኩፖኖች የተጠረዙበት ቀጭን ደብተር ነበር። የተቀደደው ኩፖን፣ መንገደኛውን ያጓጓዘው ድርጅት ከሻጩ ገንዘቡን የሚጠይቅበት ሰነድ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የአየር መንገዶቹ ዕዳ እርስ በርስ ተቀናንሶ ልዩነቱ ብቻ የሚከፈልበት የሂሳብ ማወራረጃ ተቋቋመ። ዋጋው ግን ለብዙ ዘመን አየር መንገዶቹ ተሰብስበው የሚስማሙበትና መንግሥታት የሚያጸድቁት ታሪፍ ስለነበረ፣ ገዢው (ዛሬ እንግዳ ቢመስልም) ዋጋ ለማማረጥ እምብዛም ዕድል አልነበረውም። ማኅበሩ የወረቀት ትኬትን በኤሌክትሮኒክ የተካው እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ ነው።