በአራዳ ስለ ሰፈሩ አርመኖች

ሰፈር የሚለው ቃል ሰፈረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጭፍራ ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበትን ስፍራ ያመለክታል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተደራጀችውም በዚሁ የጦር ሰፈር ሥርዓት ነበር፤ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ከነተከታዮቻቸው ሰፈሩ፤ የራስ መኰንንና የደጃች ውቤ ሰፈሮችም በየጌቶቻቸው ስም ተጠሩ። ጌታም ጭፍራም ያልነበራቸው አርመኖች ግን በአራዳና በአራት ኪሎ መካከል በራሳቸው ስም የሚጠራ ሰፈር ሊያቆሙ የቻሉት እንዴት ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የእጅ ሙያ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አንጥረኛና የመሣሪያ ነጋዴ ይሻ ስለ ነበር፣ አንጥረኛው ዲክራን ኤቤያንና ነጋዴው ሰርኪስ ቴርዚያን በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ባለሟልነትን አገኙ። ሰርኪስ ከባሕር ማዶ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ በሕዝቡ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀርቷል። የሰፈሩም አቀማመጥ ከዚሁ ኑሮ ጋር የሚስማማ ነው፤ በአንድ ወገን ሥራ የሚታዘዝበት ግቢ፣ በሌላው ወገን ዕቃ የሚሸጥበት የአራዳ ጊዮርጊስ ገበያ ይገኛልና።

ሁለተኛው ምክንያት ስደት ነው። በ1887 እና በ1888፣ በ1901፣ በመጨረሻም ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት ግዛት በአርመኖች ላይ እልቂት ደረሰ። በአራዳ ይነግዱ የነበሩት ሕንዶችና ግሪኮች ቢከብሩም ቢከስሩም የሚመለሱበት አገር ነበራቸው፤ ከእልቂቱ ለተረፈው አርመን ግን የመጣበት መንደር ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የሠራው ቤት የነጋዴ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን ለልጅ የሚተላለፍ ርስት እንዲሆን ተመኘ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ፓትርያርክ መንበር የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይም ተሰማ። አገር ያጣ ሰው የሌላ አገር መዝሙር ደራሲ መሆኑ፣ እንግዳው በሙያው ምን ያህል ወደ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ያሳያል።

ሆኖም መቀራረቡ ወሰን ነበረው። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በ451 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አልተቀበሉም፤ ይህም ለመተማመን ረድቷል። ነገር ግን አርመኖቹ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በራሳቸው ቋንቋ የሚቀደስበትን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የነጋዴውን የማቲክ ኬቮርኮፍን ስም የያዘ ትምህርት ቤትም አቋቋሙ። ስለዚህ በአራዳ ሁለት ጊዮርጊስ ቆመ። ልጁ በገበያ አማርኛ፣ በቤትና በቤተ ክርስቲያን አርመንኛ እየተናገረ አደገ፤ ጎረቤቱም አባቱን «ሙሴ» ይለው ነበር፤ ይህም ጥሪ አክብሮትንም ባዕድነትንም በአንድነት የያዘ ነው።

ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የኢጣልያ አስተዳደር ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ አዲሱን መርካቶ ሲያቋቁም፣ ለአራዳ እምብርት ፒያሳ የሚለው ስም ቀረለት። ሰፈሩ ግን ጸና። የበለጠ ያናጋው በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። አዋጁ የወረሰው የኢትዮጵያውያንንም ትርፍ ቤት ነበር፤ ሆኖም ሀብቱ በሱቅና በኪራይ ቤት ላይ ለቆመ አነስተኛ ማኅበር ጉዳቱ ብርቱ ስለሆነ፣ ብዙዎች ለሁለተኛ ጊዜ ተሰደዱ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሙያ ለእንግዳው በር ሲከፍትለት፣ ሥር እንዲሰድ የሚያደርገው ግን የቤቱ ዋስትና መሆኑን ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ መንደሮች ለልማት ፈርሰዋል፤ የሰፈር ስም ያለ ቤቶቹ ብዙ ዘመን አይኖርምና፣ የየቤቱን ታሪክ ከሚያስታውሱት አፍ መጻፍ ለተማሪዎቻችን የተተወ አስቸኳይ ሥራ ነው።