ሣቅ ያልራቀው ጎጆ፦ የጅቡቲ ቤተሰብ በፊልም

በጅቡቲ ከተማ ሆስፒታል ደጃፍ አካፋቸውን ይዘው የተቀመጡት ሰዎች የሚጠባበቁት አስከሬን ነው። ሰው ካልሞተ እንጀራ የለም። ትውልደ ሶማሊያዊው ፊንላንዳዊ ካዳር አይደሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» የተሰኘውን ፊልሙን የመሠረተው በዚህ መራራ ቀልድ ላይ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2021 በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

በደፈናው ኮሜዲ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። የጉሌድ ሚስት ናስራ ኩላሊቷን ታማለች፤ ለቀዶ ሕክምናውም 5,000 ዶላር ተጠይቋል። እንዲያም ሆኖ ባልና ሚስቱ ፍየል እየጎተቱ ያልተጠሩበት ሠርግ ሰተት ብለው ይገባሉ። ተመልካች ይሥቃል፤ ሕመሟን ግን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አሜሪካዊው «ሊትል ሚስ ሰንሻይን»ም የአያትን ሬሳ በአሮጌ ቢጫ መኪና ጭኖ የሚጓዝ ተነታራኪ ቤተሰብ ሲያሳይ በዚሁ ጎዳና ሄዷል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የአሜሪካኖቹ ጠብ መኪናው ውስጥ ነው፤ የጉሌድ ጎጆ ውስጧ ሰላም ነው፤ የተጣላችው ከትልቁ ቤት ጋር ነው። ጥንዶቹ ያለ ዘመድ ፈቃድ ኮብልለው የተጋቡ ናቸውና፣ ጉሌድ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ትውልድ መንደሩ በእግሩ ሲመለስ የሚቀበለው የቆየ ቂም ነው።

ይህ ቂም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በ«ያላቻ ጋብቻ» ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሲያገባ አክስቱ የምታነሣውን ሁከት የመድረክ መሣቂያ አድርገውታል። አክስቲቱ የምትከስረው ኩራቷን ብቻ ነው፤ በጅቡቲው ታሪክ ግን በዘመድ ኩራት የሚያዘው የአንዲት ሴት ነፍስ ነው።

ከካዳር አስቀድማ የከተማዪቱን ቤቶች በካሜራ የዳሰሰች የአገሪቱ ልጅ ሉላ አሊ ኢስማኢል ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሠራችው «ላአን» አጭር ፊልም ሦስት ጓደኛሞች ጫት እየቃሙ (ጫቱ መቼም ከሐረርጌ ነው) ስለ ፍቅር ይጫወታሉ። ቀጥሎ የመጣው «ዳሊንያሮ»፣ ማለትም «ወጣቶች»፣ ኑሯቸው የተለያየ ሦስት የባካሎሬያ ተፈታኞችን ይከተላል። ከእነርሱ አንዷ ዴካ ከባሏ ከተፋታች እናቷ ጋር ትኖራለች። እናት ልጇን ፈረንሳይ አገር ልካ ለማስተማር ገንዘብ ታጠራቅማለች፤ ልጅቱ ግን መሄዱንም መቅረቱንም መወሰን ተስኗታል።