ምስማር ያልነካው ሚንበር
ኤሽሬፎሉ መስጊድ፣ በይሸሂር፣ ቱርክ። ከ1296 እስከ 1299 እ.ኤ.አ. ያሠራው ሱለይማን በይ። ፎቶግራፍ።

ለጎጃም ሰው የእንጨት ዓምድ እንግዳ አይደለም፤ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናትንም ጣሪያ የሚሸከመው እንጨት ነው። እዚህ የሚያዩት ዓምዶች የሊባኖስ ዝግባ ናቸው። ራሳቸው ላይ ያለው ቅርጽ እንደ ማር እንጀራ ተደራርቦ ተጠርቧል፤ በቀለምም ተውቧል። ጣሪያው መሐሉ ላይ ክፍት ነበር። የብርድ ወራት በረዶ በሥሩ ባለው ጉድጓድ ሲቀልጥ እርጥበቱ እንጨቱን ከመሰንጠቅ ይጠብቀው እንደነበር ይነገራል።

ትልቁ ጥበብ ግን ኹጥባ (ስብከት) የሚደረግበት ሚንበር ላይ ነው። ከዋልነት እንጨት የተቆረጡ ትንንሽ ኮከቦችና ባለብዙ ጎን ቅርጾች ጠርዛቸው እየተቦረቦረ አንዱ በሌላው ተሰክቷል። ምስማርም ሙጫም የለበትም። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቁርጥራጮቹ መላወሻ ስላላቸው ገበታው አይሰነጠቅም። ጠጋ ብለው መጋጠሚያዎቹን ይመልከቱ።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ለተቃጠሉባት ሞጣ፣ 700 ዓመት የዘለቀ የእንጨት መስጊድ ማየት ልብ ይነካል። ዩኔስኮ ይህን መስጊድ ከሌሎች 4 የአናቶሊያ ባለ እንጨት ዓምድ መስጊዶች ጋር በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።