የስፖርት አውቶሞቢል ጎማና የመለወጡ ጥያቄ፤ በፖርሽ 911 ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጥናት

የአውቶሞቢል ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሞተሩ ኃይልና የአካሉ ቅርጽ ነው። ጎማ ግን የሚያልቅ ዕቃ ብቻ ሆኖ ስለሚቈጠር ታሪክ ያለው አይመስልም። ይሁን እንጂ አውቶሞቢል መንገዱን የሚነካው እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያህሉ አራት ስፍራዎች ብቻ ስለ ሆነ፥ የነጂው ሕይወት የሚጠበቀው በእነዚሁ ነው። ስለዚህ የስፖርት አውቶሞቢል ባለቤት ያለቀውን ጎማ በምን ዐይነት ሊተካ ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር ለመመርመር አስበናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አየር የሚሞላ ጎማ ሐሳብ በመጀመሪያ በሕግ የተመዘገበው በ1845 በስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን ስም ነው። በ1888 ጆን ደንሎፕ ለቢስክሌት አዋለው፤ በ1895 የሚሽለን ወንድማማቾች ከፓሪስ ወደ ቦርዶ በተደረገው እሽቅድምድም አውቶሞቢል ነዱበት። ከዚያም ብዙ ዘመን በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች እርስ በርሳቸው በሰያፍ የተነባበሩ ነበሩ። ሚሽለን በ1946 ያስመዘገበውና በ1949 ለገበያ ያቀረበው ራዲያል ጎማ ግን ክሮቹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፥ ከጥርሱ ሥር በብረት ሽቦ መቀነት አጠናከረው። በዚህም ምክንያት ጎኑ ሲለመጥ የሚረግጠው ገጽ ከመንገዱ ጋር ተስተካክሎ ይቀራል። ሁለቱ ዐይነቶች በመታጠፊያ ላይ ጠባያቸው እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ከፊት ራዲያል ከኋላ የቀድሞውን ዐይነት አድርጎ መንዳትን የእንግሊዝ ሕግ ይከለክላል።

በ1964 መሸጥ የጀመረው ፖርሽ 911 ለጥናታችን ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ከኋላ እግሮቹ በስተጀርባ ስለ ተቀመጠ፥ ነጂው በመታጠፊያ መካከል ነዳጁን በድንገት ቢለቅ ጅራቱ ወደ ውጭ ሊወረወር ይችላል። በመጀመሪያ አራቱም ጎማዎች ወርዳቸው እኩል፥ 165 ሚሊ ሜትር ነበር። ፋብሪካው ለ1969 በሠራቸው ላይ በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት 57 ሚሊ ሜትር አስረዘመ። ለ1973 በወጣው ካሬራ አር ኤስ ደግሞ ከፊት 185፥ ከኋላ 215 ሚሊ ሜትር ጎማ አደረገ። በኋላም ለአውቶሞቢሎቹ ተስማሚ መሆናቸውን ፈትኖ ያረጋገጣቸው ጎማዎች ኤን በሚል ፊደል እንዲለዩ አደረገ። ከዚህ የምንረዳው ጎማው የአውቶሞቢሉ ንድፍ አንድ ክፍል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አለመሆኑን ነው።

ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል የሚሉ አሉ። በደረቅ አስፋልት ላይ አነጋገራቸው እውነትነት አለው። ነገር ግን ክብደቱ ሳይለወጥ ጎማው ብቻ ቢሰፋ፥ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል፤ መሪውም ይከብዳል። እንደዚሁም ለእሽቅድምድም የተዘጋጀ ለስላሳ ጎማ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም፤ ቶሎም ያልቃል። በከተማ መንገድ የሚነዳ ሰው ግን ጎማውን እስኪያሞቅ ድረስ የሚሮጥበት ስፍራ የለውም።

በጎማው ጎን የተጻፈውንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ዛሬ ኤች 210፥ ቪ 240፥ ደብልዩ 270፥ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቻልን ያመለክታሉ። በ1960ዎቹ ግን ቪ ማለት ከ210 በላይ ማለት ብቻ ስለ ነበረ፥ የጥንቱን መጽሐፍ ይዞ የዛሬውን ጎማ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት። ከ2000 ጀምሮ የተሠራበት ጊዜ በአራት አኀዝ ይጻፋል፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ይህ ነገር ቀላል አይደለም፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነዳ አውቶሞቢል ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው በዕድሜ ይደርቃልና።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ባለቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ጎማ ይበልጣል ብሎ ሳይሆን፥ አውቶሞቢሉ ለየትኛው ጎማ ተነደፈ ብሎ ነው። ፒሬሊ የቀድሞዎቹን ሲ ኤን 36 እና ፒ 7 ጎማዎች በጥንቱ መልክ እንደ ገና መሥራቱ፥ ይህ ጥያቄ ዛሬም መልስ ሊያገኝ የሚችል መሆኑን ያሳያል። ልኩን፥ የፍጥነት ፊደሉንና ዕድሜውን መርምሮ፥ ቢቻል አራቱንም በአንድነት የሚለውጥ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን በመንገዱ የሚያልፈውንም እግረኛ ይጠብቃል።